ናሙናው ከተበላሸ ማሽኑ ምን ያድርግ?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ አስተምሬያችሁ ዛሬ የራሳችሁን ተማሪዎች የምታማክሩ ሁሉ፣ ይህ ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምትቆጡ ካላችሁም ተቆጡ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ።

ስለ ሜታቦሎሚክስ በተነሳ ቁጥር የምሰማው አንድ ዓይነት ለቅሶ ነው። «ማስ ስፔክትሮሜትር ቢኖረን ኖሮ!» «ናሙናውን ሰብስበን ውጭ ብንልከው እኮ ያልቅ ነበር!» እኔ ደግሞ የምለው ይኼ ነው፦ ትልቁ ችግራችን ማሽን አይደለም። ማሽኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙው ጥናት የሚሞተው ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው። ደሙ ከክንድ በወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ይሞታል፤ አንዳንዱማ ገና ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ሞቶ ነው የሚወለደው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል ያገራችን ሰው። ሜታቦሎሚክስ ላይ ይህ ተረት ብቻ አይደለም፤ ኬሚስትሪ ነው።

ዘርፉን ለማታውቁ ወዳጆቼ ባጭሩ ላስረዳ። ሜታቦሎሚክስ ማለት በደም፣ በሽንት ወይም በቅጠል ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ስኳሮችን፣ አሚኖ አሲዶችን፣ ቅባቶችንና ሌሎችንም፣ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩትን በአንድ ጊዜ መለካት ነው። ዲኤንኤያችሁ ዛሬ ጠዋት ቢለካ፣ ከዓመት በኋላም ቢለካ ያው ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች ግን ቁርስ ስትበሉ ይለወጣሉ፣ ደረጃ ስትወጡ ይለወጣሉ፣ ስትደነግጡ ይለወጣሉ። ሕዋስ ውስጥ ያለው ኤቲፒ በሴኮንዶች ውስጥ እየተበላ እየተተካ የሚኖር ነገር ነው። የዘርፉ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ አሁን የሆነውን ያሳያል። መዘዙም ያው ነው፤ «አሁን» ያልነው የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ካላወቅን የለካነውን አናውቀውም።

ደም ከሰው ክንድ ወጥቶ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይሞትም። ቀይ የደም ሕዋሶቹ እዚያም ሆነው ስኳር መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ሳይለይ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ስኳሩን ያጣል። 100 የነበረው ከሦስት ሰዓት በኋላ ከ80 እስከ 86 ሆኖ ይገኛል። ላክቴቱ በአንጻሩ ይወጣል። «ግራጫ ክዳን ያለው የፍሎራይድ ቱቦ እኮ ያቆመዋል» የምትሉ አላችሁ። ፍሎራይድ የሚያግደው ኢኖሌዝ የሚባለውን፣ ከሰንሰለቱ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ኢንዛይም ስለሆነ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ስኳሩ መቀነሱን አያቆምም።

ይኼ እንግዲህ ስኳር ብቻ ነው። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ፣ ወይም ቱቦው በባጃጅ ሲንገላታ፣ ቀይ ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። ፖታሲየም ይፈስሳል። አርጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ይወጣና አርጂኒንን ወደ ኦርኒቲን እየለወጠ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ሰው ተነስቶ «በታማሚዎቹ ላይ የአርጂኒን መንገድ ተዛብቷል» ብሎ ይጽፋል። የተዛባው መንገድ ከጤና ጣቢያው እስከ ላብራቶሪው ያለው ኮረኮንች ሊሆን ይችላል እኮ!

ቱቦውም ራሱ ይናገራል። ሐምራዊው ኢዲቲኤ አለበት፣ አረንጓዴው ሄፓሪን፣ ሰማያዊው ሲትሬት። ግማሹን ሰው በሐምራዊ፣ ግማሹን ባለቀ ጊዜ በሰማያዊ ቀድቶ «ሲትሬት ጨምሮ አገኘሁ» ማለት ምን ይባላል? ርካሽ ፕላስቲክ ደግሞ ከራሱ የሚለቃቸው ኬሚካሎች አሉት፤ ማሽኑ እነሱንም በታማኝነት ይለካል። ሳይለይ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ የተከተተ ሙሉ ደም ሲቀልጥ ሕዋሱ ሁሉ ፈንድቶ ሌላ ነገር ሆኗል። መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ሄዶ መጥቶ፣ ሦስት ጊዜ የቀለጠ ፕላዝማና አንዴም ያልቀለጠ ፕላዝማ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አንድ አይደሉም። ሊጡ ተቦክቶ ስንት ቀን እንደቆየ ሳይጠይቅ እንጀራው ኮመጠጠ ብሎ ጤፉን የሚወቅስ ሰው ብታዩ ትስቁበታላችሁ። እኛ ያንኑ ሰው በጋውን አልብሰን እናስመርቀዋለን።

እስቲ አንድ ጥናት በሐሳባችን እንሥራ። የማንም አይደለም፤ ግን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ርዕሱ የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም ነው። ታማሚዎቹ 40 ናቸው፤ ከሆስፒታል ክትትል ክፍል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ምግብ ሳይቀምሱ ደም ሰጡ። ጤነኞቹም 40 ናቸው፤ «ማን ፈቃደኛ ነው?» ተብሎ ከግቢው የተሰበሰቡ ተማሪዎች፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ። ታማሚዎቹ የተቀዱት በሁዳዴ ነው። ጤነኞቹ ጋ የተደረሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። የታማሚዎቹ ናሙና መጀመሪያ ስለተሰበሰበ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ወር የበለጠ ቆይቷል። ማሽኑ ላይም 1 እስከ 40 እነሱ ገቡ፣ ከ41 እስከ 80 ጤነኞቹ።

ውጤቱ መጣ። ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች፣ ሁለት ክብ፣ ምንም ሳይነካኩ። እልልታ! 60 «ባዮማርከር»!

አሁን ከልባችን እንጠይቅ። ይኼ ልዩነት የምንድነው? የስኳር ሕመም ነው? የዕድሜ ነው? ጾሙ ነው? አንዱ ወገን ለ55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይቀምስ የቆየ፣ ሌላው ዶሮ ወጥ በልቶ የመጣ ነው። ሥጋ ሲበላ ሜቲልሂስቲዲን ይጨምራል፤ ሥጋ የበላውን ካልበላው ለመለየት ሌላ በሽታ አያስፈልግም። ቡናስ? ትሪጎኔሊን የሚባለው ሞለኪውል ቡና የጠጣን ሰው ያጋልጣል፤ አብሽ ውስጥም አለ። አብሽማ ከዚህም በላይ ይሄዳል፤ ሽንትንና ላብን የሚያሸተው ሶቶሎን፣ ሕፃናት ላይ ከሚታይ አንድ የዘር ውርስ በሽታ ጋር እስኪምታታ ድረስ ተመሳሳይ ሽታ ያመጣል። የጠዋቱ ኮርቲዞል ከከሰዓቱ ከፍ ያለ መሆኑ ደግሞ የማንም ሕመም አይደለም። ከሁሉም የሚያስቀው፣ ወይም የሚያስለቅሰው፣ ታማሚዎቹን ለይቶ ያወጣው ትልቁ ምልክት ራሱ ሜትፎርሚን ሊሆን ይችላል። ማለትም በሚሊዮን የተገዛው ማሽን የሚነግረን ነገር ቢኖር «እነዚህ ሰዎች የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ» ነው። ካርዳቸው ላይ ተጽፏል እኮ!

አንድ ልጨምር፤ የኛ አገር ጣጣ ስለሆነ። መዝገቡ ላይ «3:00» ተብሎ ተጽፏል። በማን አቆጣጠር? ደሙን የቀዳው ሰው በእኛ ሰዓት ጽፏል፣ የፍሪዘሩ ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፤ በመካከላቸው 6 ሰዓት አለ። ቀኑም እንደዚያው፤ አንዱ ገጽ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህንን የሚፈታ ስታቲስቲክስ የለም።

«ይኼ የድሃ አገር ችግር ነው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ቡድን ላንሴት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። ሜታቦሎሚክስ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ፕሮቲዮሚክስ ነው፤ መሣሪያው ግን ያው ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ከአንድ ጠብታ ሴረም የማህፀን እንቁላል እጢ ካንሰርን እንለያለን አሉ። 50ውን ካንሰር በሙሉ ለዩ፤ ካንሰር ከሌለባቸው 66 ሴቶች 63ቱን በትክክል «የለባቸውም» አሉ። ዓለም ተደነቀ። ለገበያ የሚሆን ምርመራም ተሰናዳ። ከዚያ ኪዝ ባገርሊና ባልደረቦቹ በይፋ የተለቀቁትን መረጃዎች ወስደው እንደገና መረመሩ። ያገኙት ምን ነበር? በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ባዮሎጂ በሌለበት፣ ማሽኑ ጫጫታ ብቻ በሚያወጣበት ክልል ሳይቀር ይታያል። ጫጫታው ካንሰርን ከለየ፣ የተለየው ካንሰር አይደለም፤ የናሙናዎቹ አያያዝና አሠራር ነው። ምርመራው ገበያ ሳይወጣ ቀረ። በራሳችን ዘርፍም በ2009 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ ሳርኮሲን የፕሮስቴት ካንሰር ምልክት ተብሎ ብዙ ተጨብጭቦለት ነበር፤ ሌሎች ሲሞክሩት ብዙዎቹ ያንን ልዩነት ሊያገኙት አልቻሉም።

ገንዘብም፣ ማሽንም፣ ሊቅም የነበራቸው ሰዎች ናቸው እነዚህ። የጎደላቸው ማሽን አልነበረም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የሚገርመው፣ መልሱን አገራችን ውስጥ የሚያውቁት ሞልተዋል። ሆለታ፣ ቁሉምሳ፣ ደብረ ዘይት ሂዱና የእርሻ ተመራማሪዎቹን ጠይቁ። አንድ አዲስ የስንዴ ዝርያ ለም መሬት ላይ፣ ነባሩን ደግሞ ጭንጫው ላይ ዘርቶ «አዲሱ በለጠ» የሚል ሰው እዚያ ይሳቅበታል። መሬቱን በብሎክ ይከፍላሉ፤ በየብሎኩ ውስጥ ሁሉንም ዝርያ በዕጣ ይደለድላሉ፤ ይደጋግማሉ፤ በተለያየ ቦታ ይሞክራሉ። ይህንን ትምህርት ያደራጀው ሮናልድ ፊሸርም እንግሊዝ አገር የእርሻ ምርምር ጣቢያ ውስጥ ሆኖ ነው የሠራው። እሱ በ1938 እ.ኤ.አ. ካልካታ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ሙከራው ካለቀ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያ መጥራት አስከሬን እንዲመረምርላችሁ እንደ መጥራት ነው የሚል ሐሳብ ተናግሯል። በምን እንደሞተ ይነግራችሁ ይሆናል፤ አያስነሳውም። እኛ ጋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል።

ለሜታቦሎሚክስ ብሎኩ ምንድነው? የተቀዳበት ቀን ብሎክ ነው። የቀዳው ሰው ብሎክ ነው። ሴንትሪፊውጁ፣ የቱቦው ካርቶን፣ ማሽኑ ላይ የገባበት ዙር፣ ሁሉም ብሎክ ነው። በየአንዳንዱ ውስጥ ታማሚም ጤነኛም ይኑር። ማሽኑ ላይ የሚገቡበት ተራ በዕጣ ይሁን፤ ምክንያቱም ማሽኑ ሲሠራ ውሎ ስሜቱ ይንሸራተታል፤ ጠዋት የገባና ማታ የገባ እኩል አይለካም። ከሁሉም ናሙና ትንሽ ትንሽ ተቀንሶ የተቀላቀለ አንድ ቅይጥ ናሙና አዘጋጁና በየአምስቱ ወይም በየአሥሩ መካከል አስገቡት። እሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እሱ ላይ ልዩነት ከታየ ልዩነቱ የማሽኑ ነው። ደም የሌለበት ባዶ ናሙናም ከመጀመሪያው ቱቦ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ሌሎቹ ይጓዝ፤ ፕላስቲኩንና ኬሚካሉን የሚያጋልጠው እሱ ነው። አንድ ሰው ደም ሦስቴ ስለተለካ ሦስት ሰው አይሆንም፤ ይህንን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን መጻፍ አለበት።

ስለዚያች ባለቀለም ሥዕልም ልናገር። የሚለኩት ነገሮች 5,000፣ ሰዎቹ 80 ሲሆኑ ቡድኖቹን እንዲለይ የተነገረው ዘዴ ሁልጊዜ ይለያል። ሰዎቹን ዕጣ አውጥታችሁ «ሀ» እና «ለ» ብትሏቸውም ይለያል። ካላመናችሁ ስሞቻቸውን አበራይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩት። በ5 በመቶ መለኪያ ደግሞ ምንም ልዩነት በሌለበት ከ5,000 ውስጥ 250ው በዕድል ብቻ «ልዩነት አለ» ይላል። ከ250ው መርጦ የሚያምር ታሪክ መጻፍ ለጎበዝ ጸሐፊ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ሳይንስ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ሰበቦቹ።

«መብራት ይጠፋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የፈረንጅ ደንብ ለኛ አይሆንም።» ይኼን የሚሉትን አከብራለሁ፤ ገጠር ወርደው የሠሩ ናቸውና። ግን ድምዳሜያቸው ተገልብጧል። ችግር የበዛበት አገር ንድፍ የበለጠ ያስፈልገዋል እንጂ አያንስበትም። ደሙ ላብራቶሪ ለመድረስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ የጤነኛውም የታማሚውም እኩል ሁለት ሰዓት ይፍጅ፤ ይመዝገብም። እኩል የተጎዳ ናሙና አንዳንድ ነገር ይደብቃል፤ አንዱ ወገን ብቻ የተጎዳ ናሙና ግን ይዋሻል። በሁለት ሰዓት የሚበላሹትን ሞለኪውሎች ከጥያቄያችሁ አውጧቸው፤ የሚጸኑትን ጠይቁ። የትኛው እንደሚጸና ለማወቅ ደግሞ ከጥቂት ፈቃደኞች ደም ቀድታችሁ ወዲያው፣ ከአንድ፣ ከሁለትና ከአራት ሰዓት በኋላ ለይታችሁ አወዳድሩ። ይህች ትንሽ ሙከራ ለእኛ መንገድና ለእኛ ሙቀት ከማንም መመሪያ ትበልጣለች። ቅዝቃዜም ቢሆን እንደምንለው አልጠፋም። የኮርማ አባላዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ታሽጎ በየወረዳው እየዞረ ላሞች የሚዳቀሉባት አገር ናት ይቺ። ለላም የሚደርስ ናይትሮጅን ለምርምር ያልደረሰው ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገር ስለሚከብደን ይሆን?

«ገንዘብ የለም።» ዕጣ ማውጣት ስንት ብር ነው? እስክሪብቶና የግድግዳ ሰዓት? ሁለቱን ቡድኖች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሰዓት መቅዳት? ገንዘብ የሚያባክነውስ የቱ ነው? ለ80 የማይረባ ናሙና በደረቅ በረዶ ለማጓጓዝና ለመለካት የሚከፈለው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ የኛ ግን ከዚያም ይብሳል፤ አፍሶ ይመዝናል።

«ዋናው ሥራው ትንተናው ነው፤ ደም መቅዳት ማንም ይሠራዋል።» በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። «ናሙና ተሰበሰበ» ይላል ጽሑፉ። በማን? ስንት ሰዓት? ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተለየ? «ተሰበሰበ»፣ «ተቀመጠ»፣ «ተጓጓዘ»፤ ባለቤት የሌለው ግስ ሁሉ እዚያ አንቀጽ ውስጥ ይታጎራል። ያ ባለሙያ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በረዶ ይዞ የሄደው፣ ስሙ ምስጋናው ውስጥ እንኳ የለም። ሥልጠና ሲኖር ፕሮፌሰሩ ይሄዳል፤ ቱቦውን የሚይዘው ሰው አይሄድም። ከዚያ ጥራት እንጠብቃለን። የጥናቱን ግማሽ ዕድል በእጁ የያዘውን ሰው እንደ ተላላኪ እያያችሁ ስለ ባዮማርከር አታውሩኝ።

እንዲህ የምጮኸው ለዘዴ ፍቅር ብዬ አይደለም። ከቱቦው ወዲያ ሰው አለ። ሳይበላ ከገጠር በሌሊት ተነስቶ የመጣ፣ የፈቃድ ቅጹ ሲነበብለት «ለሌላው ሰው ይጠቅማል» የሚለውን ሰምቶ እጁን የዘረጋ ሰው። ያ ቅጽ ቃል ኪዳን ነው። ጥናቱ ከመነሻው መልስ ሊሰጥ በማይችል መንገድ ከተነደፈ፣ ቅጹ ላይ የተጻፈው ሐሰት ነው፤ ደሙም ያለ ጥቅም የፈሰሰ ነው። ስለዚህ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው እላለሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን ስለ ፊርማው የሚጠይቁትን ያህል ስለ ንድፉ ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

1. አማካሪዎች፦ ተማሪያችሁ አንዲት ቱቦ ከመግዛቱ በፊት ናሙናው ከክንድ እስከ ማሽን የሚያልፍበትን መንገድ በአንድ ገጽ፣ በደቂቃ፣ በሰው ስምና በአንድ የሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ። ያቺ ገጽ ካልተጻፈች ፕሮፖዛሉ አይፈረም።

2. የስታቲስቲክስ ባለሙያው መጀመሪያ ይጠራ። መጨረሻ ላይ «ፒ-ቫሊዩ አውጣልኝ» ተብሎ መጠራቱ ይብቃ።

3. የመጨረሻ ምግብ፣ ጾም፣ ቡና፣ ጫት፣ መድኃኒት የሚጠይቅ አጭር ቅጽ ከእያንዳንዱ ቱቦ ጋር ይሂድ። እኛ አገር ጾምን ያልጠየቀ የሜታቦሎሚክስ ጥናት አገሩን አያውቅም።

4. ናሙናውን የቀዳውና የለየው ባለሙያ ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይቀመጥ፤ ሥራው የሚገባው ከሆነም ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይግባ።

5. ፈታኞች፦ ባለቀለሟን ሥዕል ስታዩ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ሁለቱ ቡድኖች ከበሽታው ሌላ በምን ይለያያሉ?» ተማሪው መመለስ ካልቻለ መልሱን አግኝታችኋል።

ማሽኑ አንድ ቀን ይመጣል። እንዲያውም በቅርቡ ይመጣ ይሆናል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ እንነሳለን። ያን ቀን ምን እንደምናጎርሰው ከአሁኑ ካልተማርን፣ ስህተታችንን በፍጥነትና በአራት አስርዮሽ ቤት ከማተም ሌላ የሚያደርግልን ነገር የለም። የምትቃወሙኝ ካላችሁ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ፤ የናሙና መንገዳችሁን በአንድ ገጽ የጻፋችሁ ካላችሁ ደግሞ ላኩልኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን።